ከሐይቅ ዳር እስከ የጎፍ ደን፦ የገጠር ሩጫ መንገዶቻችን የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ ቤተሰብ። ለየወረዳዎቹ የስፖርትና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው። ከአስፋልት ወጥተን በገጠር፣ በሐይቅ ዳርና በደን ውስጥ የሚያልፉ ቋሚ የሩጫ መንገዶች ይኑሩን። አዲስ መንገድ አንጠርግም። ሰውና ከብት የሚሄድበትን የእግር መንገድ መርጠን፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ምልክት እናደርግበታለን።

አስፋልቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመሃል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የሀረጎ ጠመዝማዛ ነው። በዚያ ቁልቁል ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ መሮጥ ለጉልበትም ለነፍስም አይበጅም።

ለመነሻ ሦስት ቦታ አስቤያለሁ፦ ሐይቅና አርዲቦ የተባሉት ሁለት ሐይቆች፣ የጎፍ ደን፣ ማይባር። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

አባል ከሐይቅ ከተማ

በሐይቅ ይጀመር ባይ ነኝ። የሰፈሬ ልጅነት አይደለም የሚያስወራኝ፣ ሁለት ሐይቅ በአንድ መንገድ የሚገኘው እዚህ ስለሆነ ነው። አርዲቦ ከፍ ብሎ ተኝቷል፣ ሐይቅ ዝቅ ብሎ። ከአርዲቦ የሚወጣው ውኃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሯጩ ከላይ ተነስቶ ውኃውን ተከትሎ ይወርዳል ማለት ነው። ግራና ቀኙ ማሳ ነው። በማለዳ ከደረሳችሁ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያወጡ ታገኛላችሁ፤ ቆረሶው ገና እየተፈራገጠ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይጻፍ። ሐይቅ ውኃ የሚያስገባ እንጂ የሚያስወጣ ወንዝ የለውም። አርዲቦ ዳር የተጣለ የውኃ ላስቲክ በአንከርካ ተንከባሎ ሐይቅ ይገባል፣ ከዚያ ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የታሸገ ውኃ ይቅር። በየማረፊያው ጄሪካን እናስቀምጥ፣ ሯጩ ኩባያውን ይዞ ይምጣ። በሶ የሚበጠብጥልን ሰው እዚያው ሠፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ለእነሱም ገቢ ይሆናል።

ነርስ ከደሴ

ወንድሜ የኩባያው ሐሳብ ደስ ብሎኛል፣ ይያዝልን። እኔ የምጨነቀው ስለ መጨረሻው መስመር ነው። ባለፈው አንዳንዶቻችሁ ሩጫው እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ ቢያልቅ ስትሉ ሰምቻለሁ። ቦታው ውብ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም ነው። ግን የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባበትም። ወንዱ ሮጦ ገብቶ ሲሳለም እኛ ላባችንን እየጠረግን ውጭ ልንቆም ነው? ደግሞ ገዳም የጸሎት ቦታ ነው፤ ጭብጨባና ጡሩምባ አይመቸውም። መጨረሻው ሁላችንም አንድ ላይ የምንቀመጥበት ሜዳ ላይ ይሁን። ገዳሙን መሳለም የፈለገ ልብሱን ቀይሮ በኋላ በሥርዓቱ ይሂድ።

ሌላው፣ ሴቶች ለምን ገጠር ወጥተው እንደማይሮጡ የምታውቁ አይመስለኝም። ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ልጅ አስተያየቱም፣ ውሻውም፣ ፍርሃቱም አለባት። በየሳምንቱ ቀንና ሰዓቱ የታወቀ የቡድን ሩጫ ይኑር። መነሻው ላይ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ይኑር። ይሄ በሐሳቡ ግርጌ ሳይሆን ከላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

አሠልጣኝ (ኮምቦልቻ)

እስማማለሁ እህቴ። ስለ ውሻው ልጨምር። ግቢ አጠገብ ስትደርሱ ሩጫውን አቁማችሁ በእርምጃ እለፉ። የሚሮጥ ሰው ውሻን ያስነሳል። እረኞቹን ሰላም ካላችኋቸው ውሻውን ራሳቸው ይጠሩላችኋል።

ርቀቱን በተመለከተ 5 እና 10 ኪሎ ሜትር ይብቃን። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከፍታው ብርቅ አይሆንበትም። ከቆላ የሚመጡ እንግዶች ግን የመጀመሪያውን ቀን በእርምጃ ቢያሳልፉት ይሻላቸዋል። ለጀማሪ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው የሚከብደው፣ ጭኑን ይበጣጥሰዋል። አጭር እርምጃ ይራመድ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ለምን በአንድ ትልቅ ውድድር አንጀምርም? ታላቁ ሩጫ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጀመር 10 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬ አገር ያውቀዋል።

ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ (ኮምቦልቻ)

ልጆቼ፣ ውድድሩ ይቆይ። ስለ የጎፍ ልንገራችሁና ምክንያቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

የጎፍ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ጥብቅ ደን ነው። ጫፉ 3,000 ሜትር ይደርሳል። የጽድ ዛፉና ወይራው የአገሩ ነው፤ ባህር ዛፉ የተተከለ ነው። በጽዱ ሥር መሬቱ ለስላሳ ነው፣ እግር አይጎዳም። ባህር ዛፉ ጋ ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ። ልጡ ረጃጅም ሆኖ ይላጥና መንገዱ ላይ ይተኛል። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እዚያች ቦታ ላይ ነው ሰው እጁን የሚሰበረው።

እዚህ ደን ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ከለቀቃችሁ መንገዱ ይሰፋል፣ ሣሩ ይረገጣል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያንኑ መስመር ይይዝና ቦይ ያደርገዋል። በትንሽ በትንሹ ዓመቱን ሙሉ ቢሮጥበት ግን ደኑን የሚያይ ዓይን ይበዛል። እሳት ሲነሳም፣ ሌባ ዛፍ ሲቆርጥም ቶሎ ይታወቃል።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። መንገዱ የእነሱ ነው። ሯጩ ዳር ይቁምና ያሳልፋቸው። አህያ ከመጣችም እንደዚሁ።

ሌላው ከበድ ያለ ነገር ነው። በ2014 በዚህ አካባቢ ጦርነት አልፏል። መንገዱ ላይ ምልክት ከመደረጉ በፊት የደን ጥበቃዎቹንና የቀበሌውን ሰው ይዘን እንፈትሸው። ምልክት ከተደረገበት መንገድ መውጣት ክልክል ይሁን። ያልታወቀ ብረት ያየ ሰው አይንካ፣ ቦታውን ለጥበቃ ይንገር።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ጋሼ እጅግ እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን። የጸጥታው ነገር ለሦስቱም ቦታ ይሠራል። ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ሳንነጋገር ቀን አንቆርጥም፣ ሰው አንጠራም። ማይባርስ? ከዚያ አካባቢ የሚያውቅ አለ?

አባል ከማይባር አካባቢ

አለሁ። ማይባር ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ከደሴ ብዙም አይርቅም። ዙሪያው ተራራ፣ ተራራው ደግሞ እርከን በእርከን ነው። ከ1981 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአፈር ጥበቃ ጥናት የሚካሄድበት ቦታ ነው።

እና እውነቱን ልናገር፣ የምፈራው ሯጭን ነው። ከሩቅ ሲያዩት እርከኑ ደልዳላ የእግር መንገድ ይመስላል። አባቴ ድንጋዩን አንድ በአንድ የካበው ነው። አንድ ድንጋይ ከላይ ከተንከባለለ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ካቡ ከዚያው ይከፈታል፣ አፈሩ ታች ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በእርከን ላይ መሮጥ በፍጹም አይፈቀድ። ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ተዳፋቶችም አሉ። ከብት ያልገባበት ሰውም አይግባበት።

ለወቅቱም አስቡ። እኛ ጋ በልግም አለ፣ ክረምትም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ መንገዱ ጭነት በያዘ አህያ ይሞላል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ግን ሜዳው አደይ ለብሶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ያኔ ኑ።

አሠልጣኝ (ኮምቦልቻ)

ጋሼን ሰምቼ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ውድድር የሚለው ይውጣ። በምትኩ በየሳምንቱ የሚደረግ የቡድን ሩጫ ይግባ፣ ሠላሳ ሰው እስኪሞላ ድረስ ብቻ የሚመዘግብ። ቅዳሜ ጠዋት 12:30 እንነሳ። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ ነፃ ይሁን። የአካባቢው ገበያ ቅዳሜ ከዋለ ብቻ እንቀይረዋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበራችን በአንደኛው ዓመት ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ የሚወርደውን አንድ መንገድ ብቻ ለማዘጋጀት ፈቃድ ይጠይቃል። ነባር የእግር መንገዶችን ብቻ እንጠቀማለን። መንገዱ በሚያልፍበት ቀበሌ ያሉ ገበሬዎች በስብሰባ ሳይስማሙ ምልክት አይተከልም። መነሻው ላይ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ይኖራል። የላስቲክ ውኃ አይገባም። እርከንና የተከለለ ተዳፋት አይረገጥም። የምዝገባው ገቢ ግማሽ ለቀበሌው የችግኝ ጣቢያ ይሰጣል። የጎፍ በሁለተኛው ዓመት፣ ፍተሻው ካለቀ በኋላ ይጠናል።»

ማይባርን ለጊዜው አውጥቼዋለሁ። እርከኑን በምልክት ብቻ መጠበቅ የምንችል አልመሰለኝም።

አባል ከማይባር አካባቢ

ልክ ነህ። አባቴም በዚህ ይደሰታል። ጥቅምት ላይ ለጉብኝት በእርምጃ ኑ፣ ቡናው ከእኛ ቤት ነው።

ነርስ ከደሴ

«ሴት አስተባባሪ በእያንዳንዱ ሩጫ ትኖራለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመር። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን እኔ አዘጋጃለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ተጨምሯል።

አባል ከሐይቅ ከተማ

የአንከርካን መሻገሪያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ። የመሻገሪያው ድንጋይ ከተንቀሳቀሰ ድልድይ የሚሠራልን አናጢ አውቃለሁ፣ ዋጋውን ጠይቄ ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት እነግራችኋለሁ። ገበሬዎቹን ለማነጋገር ግን ጋሼ አብረውኝ ቢመጡ ይሻላል፤ እኔን ልጅ አድርገው ነው የሚያዩኝ።

ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ (ኮምቦልቻ)

እመጣለሁ ልጄ። ማለዳ በሚኒባስ እነሳለሁ፣ መናኸሪያው ላይ ጠብቀኝ።