የተርፒኖይድ ልኬት፦ የሊናሉል ስታንዳርዴ ለምን መስመር አይይዝም?

ሰብለ (ጥያቄ)፦ ለባህላዊ መድኃኒትነት የሚያገለግሉ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን አጠቃላይ የተርፒኖይድ (ብዙዎቹን የዕፅዋት ሽታዎች የያዘ የውህዶች ቤተሰብ) መጠን በስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለምን ጥንካሬ በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) እየለካሁ ነው። ቅጠሉን በ60 ዲግሪ ኦቨን አድርቄ እፈጫለሁ። 500 ሚሊ ግራም ዱቄት በ3.5 ሚሊ ሊትር 95% ሜታኖል ዘፍዝፌ ጨለማ ውስጥ 48 ሰዓት አቆይና በሴንትሪፊውጅ አጠራዋለሁ። ከጠራው 200 ማይክሮ ሊትር ወስጄ 1.5 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም፣ ቀጥሎም 100 ማይክሮ ሊትር ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ እጨምራለሁ። ናሙናውንም ስታንዳርዱንም (ለማነጻጸሪያ የያዝኩትን፣ መጠኑ የታወቀ ሊናሉል የተባለ ተርፒኖይድ) 2 ሰዓት ጨለማ ውስጥ አቆይቼ ዝቃጩን በ1.5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል አሟሟና በ538 ናኖሜትር አነባለሁ። የሊናሉል ነጥቦቹ (መጠኑ ከንባቡ ጋር ሲነደፍ) ቀጥ ያለ መስመር አይይዙም። ሽታው ኃይለኛ የሆነው ቅጠል ደግሞ ሽታ ከሌለው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ምን ላስተካክል?

ቀለሜ፦ የመስመሩ ችግር ከሰዓቱ ነው። 2 ሰዓት ለናሙናው ልክ ነው፤ ሊናሉል ግን ከ5 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ቡናማ ቀይ ዝቃጩ ቀስ በቀስ ተመልሶ በከፊል ፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል፤ ከላይ ያለውን ስትደፊው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስታንዳርዶቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ አትጀምሪ፤ እያንዳንዱ ቱቦ የራሱን 5 ደቂቃ ይዞ እንዲወጣ አዘግይተሽ አስከትይ።

ክሎሮፎርሙን ጨምረሽ በደንብ ካናወጥሽ በኋላ 3 ደቂቃ አሳርፊው፤ አሲዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ፈሳሹን ገልብጠሽ አትድፊ፤ በቀጭን ፒፔት ከላይ እየሳብሽ አውጪ። ዝቃጩን ላለመንካት ትንሽ ፈሳሽ ቢቀርም ይሻላል። የተረፈ ክሎሮፎርም የፖሊስታይሪን (ፕላስቲክ) ኩቬት፣ ማለትም የማንበቢያውን ዕቃ፣ ያደበዝዛል፤ የመስታወት ተጠቀሚ። ሥራው ሁሉ ሁድ (ትነት መሳቢያ ሳጥን) ውስጥ ይሁን።

ሚዛን፦ ሁለተኛው ችግር፣ የሽታማው ቅጠል ቁጥር ማነስ፣ የሚጀምረው ኦቨኑ ላይ ነው። ሽታውን የሚሰጡት በአብዛኛው ሞኖተርፒኖች (ትንንሾቹና በቀላሉ የሚተኑት ተርፒኖይዶች) ናቸው። ከነሱ አንዱ የሆነው አልፋ ፓይኒን የሚፈላው 156 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም፤ በ60 ዲግሪ ሞቃት አየር እየነፈሰበት ይሄዳል። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቂ፤ ወይም እርጥቡን በቀዘቀዘ ሜታኖል ፍጪውና እርጥበቱን በሌላ ናሙና በ105 ዲግሪ ለክተሽ ስሌቱን ወደ ደረቅ ክብደት መልሺ። ወፍጮው ሲግልም ያው ነው፤ እያረፍሽ ፍጪ።

ሐረግ፦ በዚህ ላይ የቀለም ዘዴው ለሁሉም ተርፒኖይድ እኩል ቀለም አይሰጥም። ሽታ አልባው ቅጠል በትራይተርፒኖይድ (ትልልቅና በቀላሉ በማይተኑ ተርፒኖይዶች) የበለጸገ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን «የሊናሉል አቻ» ብለሽ ጻፊ፤ የተለያዩ ዕፅዋትን በዚህ ቁጥር ብቻ ማወዳደር እኔን አያሳምነኝም።

የሽታዎቹን መጠን ከፈለግሽ ጋዝ ክሮማቶግራፊ (የሚተኑ ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ ዘዴ) ነው፦ 30 ሜትር ኮለም (መለያያ ቀጭን ቱቦ)፣ ከ60 እስከ 240 ዲግሪ፣ በደቂቃ 3 ዲግሪ እየጨመረ። የውስጥ ስታንዳርዱን (ለማነጻጸሪያ በታወቀ መጠን የሚጨመረውን ውህድ) ቅጠሉ ሳይገባ ሟሚው ውስጥ ጨምሪ። ብዙ ሰው ትራይዴኬን ይመርጣል፤ ግን ካርቫክሮል (ሌላ የሽታ ውህድ) ያለበት ቅጠል ከሆነ፣ የውስጥ ሽፋኑ 5% ፌኒል በሆነ ኮለም ሁለቱ አንድ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ስታንዳርድ የሌለበትን ናሙና አስኪደሽ ሌላ ውህድ የማይወጣበትን ባዶ ቦታ ፈልጊ። ማሽኑ የሚያወጣው የስፋት መቶኛም (የእያንዳንዱ ውህድ ምልክት ከጠቅላላው ያለው ድርሻ) መጠን አይደለም፤ ለዋና ዋናዎቹ ውህዶች የየራሳቸው የስታንዳርድ መስመር ያስፈልጋል።

ሰብለ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ስሌቱስ? 200 ማይክሮ ሊትሩ ውስጥ 2 ሚሊ ግራም ቢወጣ?

ሚዛን፦ 3.5 ለ0.2 ሲካፈል 17.5፤ በ2 ሲባዛ 35 ሚሊ ግራም። ይህ የ500 ሚሊ ግራሙ ስለሆነ በአንድ ግራም 70 ሚሊ ግራም የሊናሉል አቻ ነው። ንባቡ ከ1 ካለፈ የሟሟውን ቀለም አትበርዢ፤ የመጀመሪያውን ጭማቂ በ95% ሜታኖል በርዘሽ ከክሎሮፎርሙ ጀምሪ፤ የበረዝሽበትንም እጥፍ መጨረሻ ላይ ማባዛት አትርሺ።