«ዛፍ እኮ ነው፣ ይበቅላል» ላልከው ሰውዬ

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ፍሎሪዳ የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ የነበረው ወንዝ ውሃው ተመጦ፣ የቶም ሶየር ደሴት ተመንጥራ፣ ከላይ የተነሳ ፎቶ። ባዶ ጭቃ ነው። ከስሩ አንዱ «ዛፍ እኮ ነው፣ ይበቅላል» ብሎ አለፈ። እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ደሴቷ በ1973 ነው የተከፈተችው። የሃምሳ ዓመት ጥላ ነው የሄደው። «ይበቅላል» የሚባለው ጎመን ነው።

ናቲ ኦርላንዶ፦ እኔ ነኝ ያልኩት። ስሜን ለምን ትደብቂያለሽ? አሁንም እላለሁ፣ ዛፍ እኮ ነው፣ ይበቅላል። ወንዙም ቢሆን ወንዝ አይደለም፣ ሰው የቆፈረው ቦይ ነው። ሰው የምታንሸራሽረው መርከብም ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ነበር የምትሄደው። ሙሾ ማውረዱን ምን አመጣው?

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ጎመን ብዬሃለሁ።

ማርቆስ ዳላስ፦ ናቲ ልክ ነው። እውነቱን እናውራ። ደሴቷ ላይ ማን ይሄድ ነበር? ሰው የሚሰለፈው ለአዲስ ነገር ነው። በቦታው የሚሰራው የ«ካርስ» ፊልም መኪኖች መጫወቻ ሲከፈት መጀመሪያ ቲኬት የምትቆርጡት እናንተው ናችሁ። ዋልት ዲዝኒ ራሱ ፓርኩ መቼም አያልቅም ብሎ የለም እንዴ?

ሄለን የመንትዮቹ እናት፦ «አያልቅም» ማለት ይጨመርበታል ማለት ነው እንጂ ይመንጠራል ማለት ነው? መንትዮቼን ያጠባሁት እዚያ ደሴት ላይ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ነው። ሰልፍ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰው የማይሄድበት መሆኑ ነበር ጥቅሙ።

ማርቆስ ዳላስ፦ እሺ፣ ለጡት ማጥቢያ ትቀመጥ እንበላቸው።

ሄለን የመንትዮቹ እናት፦ የአንተን ልጅ ማን እንዳጠባው ሚስትህን ጠይቃት።

የጓሮው ሰው፦ ስራዬ ስለሆነ ልናገር። አትላንታ ውስጥ ዛፍ ስተክልና ስነቅል ዓመታት አልፈዋል። ትልቅ ዛፍ ሲነሳ አብዛኛው ስሩ አፈር ውስጥ ይቀራል። እኛ ጋ የሚባለው ለግንዱ ውፍረት በየኢንቹ አንድ ዓመት ማገገሚያ ነው። ባለ አስር ኢንች ካዛወርክ አስር ዓመት ታማሚ አስተኛህ ማለት ነው። ጥላው ደግሞ እንደ ዣንጥላ አይደለም። ቅጠሉ ውሃ ያተናል፣ አየሩ ይበርዳል። ናቲ፣ «ይበቅላል» ያልከው እውነት ነው። የምታየው ግን ልጅህ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ነው።

ናቲ ኦርላንዶ፦ ታዲያ እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ሊበርቲ ኦክስ? ከ30 ቶን በላይ የሚመዝን ዛፍ ከዲዝኒ ይዞታ ሌላ ጥግ አምጥተው ተክለው፣ 13 ፋኖስ አንጠልጥለውበት ይኸው እስከ ዛሬ ቆሞ የለም? ዛፍ ማዛወር ከተቻለ ምኑ ላይ ነው ለቅሶው?

የጓሮው ሰው፦ እንዴት እንዳዛወሩት ታውቃለህ? ግንዱን በስተው ብረት አሳልፈው በክሬን ነው ያነሱት። በኋላ ቀዳዳውን የደፈኑበት እንጨት በሽታ ይዞ ዛፉን ሊገድለው ነበር። የታመመውን ፍቀው አውጥተው በሲሚንቶ ደፈኑት። ለአንድ ዛፍ!

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ያኔ ለአንዱ ሐኪም ሆኑለት። አሁን በኤክስካቫተር።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ ሽማግሌ ሲናገር ስሙ። ያ ፓርክ በፈረንጅ 1971 ሲከፈት በእኛ መስከረም 20 ቀን 1964 ነበር፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። እኔ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው፣ የመጀመሪያውን የ1955ቱን ዲዝኒላንድ አውቀዋለሁ። ቢል ኢቫንስ የሚባል የአትክልት ሰው ነበር። አውራ ጎዳና ሲሰራ በዶዘር ሊወድቁ የነበሩ ዛፎችን እየለቀመ እዚያ ተከለ። መክፈቻው ቀን ደርሶ ገንዘብ ሲያልቅ ደግሞ አረሙ ላይ የላቲን ስም የተጻፈበት ካርድ ሰኩበት። አንድ ዘንባባም አለ፣ በ1896 ለሰርግ ስጦታ የተተከለ። መሬቱን የሸጠው ቤተሰብ «እሱን አትቁረጡብን» አለ፣ አዛወሩት። አሁንም አለ። የዓድዋ ዓመት ዘንባባ ነው።

ቡና ጠጡ፦ ጋሼ ዓድዋን እዚህም አስገቧት ሃሃሃ

ጋሽ መኮንን፦ ምኑ ያስቃል? ዓመቱ ያው ነው፣ ቁጠር።

ማርቆስ ዳላስ፦ አረምን በላቲን ስም ማስጌጥ! እሱን ነው የምታደንቁት? ድሮም ማስመሰል ነበር ማለት ነው።

የጓሮው ሰው፦ አረሙ ቀልድ ነበር፣ ዛፎቹ ግን እውነተኛ ነበሩ። አሁን ተገልብጧል።

ሄለን የመንትዮቹ እናት፦ ደሴቷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። እዚያው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የነበሩት ትልልቅ ዛፎች በ2014 እና በ2015 ግድም ተነስተዋል። አደባባዩን አሰፉት፣ ሰው ርችት እንዲያይ። ርችቱ ማታ ነው፣ ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ነው። ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድም በ2016 የዚያን ፓርክ ወንዝ ዘግተው ለስታር ዋርስ መጫወቻ ብለው አሳጠሩት።

ማርቆስ ዳላስ፦ አሳጥረው በ2017 መልሰው ከፈቱት፣ እሱን ዘለልሽው። እዚያው ያለው የልጆች ሰፈር ቱንታውንም በ2023 ታድሶ ሲከፈት ሣርና ዛፍ ጨምረውበታል። ከፈለጉ ያውቁበታል። ሁሉንም በጅምላ አትኮንኑ።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ «ከፈለጉ ያውቁበታል» አልክ? እኔም እኮ ያልኩት እሱን ነው። ስለሚያውቁበት ነው የምንናደደው።

ሄለን የመንትዮቹ እናት፦ የአዲሱን ቦታ ስም ሰምታችኋል? ፒስተን ፒክ ብሔራዊ ፓርክ! ጫካ መንጥረህ ብሔራዊ ፓርክ ብለህ ሰይመው። በሬውን አርደህ ልጅህን «በሬ» ብለህ እንደመጥራት ነው።

ናቲ ኦርላንዶ፦ ሙሉውን አንብቢ እንጂ። ዛፍ፣ ተራራና ፏፏቴ እንደሚተክሉ ተናግረዋል።

ሄለን የመንትዮቹ እናት፦ ፏፏቴ ይተከላል እንዴ?

ናቲ ኦርላንዶ፦ ቃል አትልቀሚ። ይሄው ኩባንያ እኮ እዚሁ ፍሎሪዳ ውስጥ 11,500 ኤከር የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ ከስሙ ጋር ተያይዟል። አንድ ደሴት ስንት ኤከር ናት?

የጓሮው ሰው፦ ያ ቦታ የተጀመረው ለግንባታው ለሚነኩት ረግረግ ማካካሻ ይሆን ዘንድ ነው። ጥሩ ስራ ነው፣ አልክድም። ግን ሐምሌ ላይ ሕፃን ተሸክሜ ኦርላንዶ ስቆም ረግረጉ ጥላ አይልክልኝም።

ናቲ ኦርላንዶ፦ የሐምሌ ፀሐይን ለእኔ ትነግረኛለህ? እዚህ ነው የምኖረው። አገር ቤት ግን ስንቱ ባህር ዛፍ ሲቆረጥ አድገናል፣ በሦስት በአራት ዓመት ተመልሶ ደን ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ይበቅላል ያልኩት።

የጓሮው ሰው፦ አሁን ገባኝ! ወንድሜ፣ እሱ እኮ ባህር ዛፍ ነው! ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ። በምኒልክ ጊዜ የመጣውም ማገዶ ቶሎ እንዲደርስ ነው። ኦክን በባህር ዛፍ ሂሳብ አታስላው። ዝግባ ቆርጠህ በሦስት ዓመት ሲመለስ አይተሃል?

ማርቆስ ዳላስ፦ ባህር ዛፍ ደግሞ መሬት ያደርቃል። ስሙን ባታነሱት።

ጋሽ መኮንን፦ ባህር ዛፍን እንዳትነካ! አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈርስ ስትል ያቆማት እሱ ነው። እናትህ እንጀራ የጋገረችው በምን ይመስልሃል?

ማርቆስ ዳላስ፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ጋሼ።

ጋሽ መኮንን፦ አያትህስ?

ቡና ጠጡ፦ ሃሃሃ መልስ አጣ

ማርቆስ ዳላስ፦ እሺ፣ ስለ ዛፍ ይህን ያህል ካዘናችሁ አዲስ አበባ ኮሪደሩ ላይ ስለተደረደረው ዘንባባ አንድ ሰው ሲያወራ ለምን አላየሁም? ዘንባባ ጥላ አለው? ለፈረንጅ ደሴት ግን ለቅሶ ተቀምጣችኋል።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ እኔ አውርቻለሁ። ባለፈው ስጽፍ «ልማት አትወድም» ብለህ የሰደብከኝ አንተ ነህ። ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ላምጣው?

አድሚን፦ ኮሪደር እዚህ አይነሳም። ፖለቲካ እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ።

ሄለን የመንትዮቹ እናት፦ ዘንባባ ፖለቲካ ሆነ?

አድሚን፦ ሄለን፣ እባክሽ።

ናቲ ኦርላንዶ፦ እኔ አንድ ነገር ልበልና ልተኛ። እዚህ ከተማ ሹፌር ነኝ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው አመላልሳለሁ። ፓርኩ አዲስ ነገር ሲሰራ ሰው ይመጣል፣ ሰው ሲመጣ ኪራይ እከፍላለሁ። እናንተ በዓመት አንዴ መጥታችሁ ጥላ ትፈልጋላችሁ። እኔ እዚህ እንጀራ እበላለሁ።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ይኼን ከመጀመሪያው ብትል ማን ይጣላህ ነበር? «ዛፍ እኮ ነው» አልክ እንጂ «እንጀራዬ ነው» መቼ አልክ?

ናቲ ኦርላንዶ፦ ዛፍም ነው፣ እንጀራዬም ነው።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግቢህ ውስጥ ዛፍ አለ?

ናቲ ኦርላንዶ፦ አንድ ትልቅ ኦክ አለ። ቤቱን ስንከራይም ነበር።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ምን ታደርግበታለህ?

ናቲ ኦርላንዶ፦ መኪናዬን ስሩ ነዋ የማቆመው። ፀሐዩ ዳሽቦርድ ይሰነጥቃል እኮ።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ቁረጠው። ይበቅላል።

ቡና ጠጡ፦ ኧረ ገደለችው ሃሃሃሃ

ናቲ ኦርላንዶ፦ የኪራይ ቤት ነው አልኩሽ። እኔ ምን አገባኝ።

ማርቆስ ዳላስ፦ ባህር ዛፍ ግን መሬት ያደርቃል።

ጋሽ መኮንን፦ ማርቆስ፣ ስልክህን ላክልኝ። በጽሑፍ አይሆንም።