ኮንትራቴ ያለ ምክንያት አልታደሰም፤ ምን ላድርግ?

ጠመኔው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ውሌ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይታደስ ነበር። ዘንድሮ ግን «የውል ጊዜዎ ስለተጠናቀቀ እናመሰግናለን» የምትል ሁለት መስመር ደብዳቤ ተሰጠችኝ። ዲኑን ብጠይቀው «ከላይ የመጣ ነው» ብሎ ዝም። የተማሪዎች ግምገማዬ ጥሩ ነው። ለምንድነው ምክንያቱን የማይነግሩኝ? መብትስ አለኝ?

ሰሎሜ፦ ወንድሜ፣ ራስህን አትብላ። የዲፓርትመንት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሎድ፣ ማለትም ለመምህሩ የሚደርሰው የማስተማሪያ ሰዓት ጉዳይ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም አልተሻለም። ታዲያ ተመዝጋቢ ከየት ይምጣ? ሴክሽን (የተማሪዎች ምድብ) ሲታጠፍ የቀረው የማስተማሪያ ክሬዲት ለቋሚ መምህራኑ ይደለደላል፣ ኮንትራት ያለው ይቀራል። «ለእገሌ ማርክ ጨምር» ተብሎ እምቢ ያለም ይቀራል። እሱን ደግሞ ማንም በደብዳቤ አይጽፍልህም።

የችሎት ሰው፦ የማይጽፉት ስለማይገደዱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 24 መሠረት ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ በሕግ ይቋረጣል። ምክንያት ከጻፉ ለክርክር በር ይከፍታሉ። ያንተ ነጥብ ሌላ ነው። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል፣ አንቀጽ 10 ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች ውጭ፣ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ማስተማር የኮሌጁ ቋሚ ሥራ ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ። በእጅህ ያለ ድል ግን አይደለም። ውሎቹን በሙሉ ይዘህ ጠበቃ አማክር። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ የክፍያ ጥያቄ 6 ወር አለው።

የክፍለ ሀገሩ፦ ይሄ ለግል ተቋም ነው። እኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የምንተዳደረው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 እና በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት የውስጥ ሕግ ስለሆነ አታደባልቁት።

ጠመኔው፦ አመሰግናለሁ። አሁን ክሊራንስ (ንብረት አስረክቦ የመልቀቂያ ቅጽ መፈረም) ጨርስ እያሉኝ ነው። ልፈርም?

ሰሎሜ፦ ላፕቶፑንና ማርክ ሊስቱን አስረክብ። ግን ቅጹን እስከ ግርጌ አንብበው። «ከድርጅቱ የምጠይቀው ቀሪ ክፍያ የለም» የምትል መስመር ካለች፣ ገንዘብህን ሳትቀበል እንዳትፈርማት።

የችሎት ሰው፦ ልክ ናት። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይሰላልሃል። የሥራ ልምድ ደብዳቤህንም ጠይቅ፤ የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን ጽፈው በነፃ ሊሰጡህ ይገባል። ጥያቄህን በቃል ሳይሆን በማመልከቻ አስገባ፤ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም አስመታበት።