ሴራሚክ ያስቀባችሁ፣ የማንን ምስክርነት አምናችሁ ነው?

ጥቁር_ያሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የያዝኩት ጥቁር ያሪስ ነው፣ በፈረንጅ የ2008 ሞዴል። ሻጩ ቀለሙ የፋብሪካ ነው ብሎኛል፤ ኮፈኑ ግን ያጠራጥረኛል፣ ከፓራፋንጎው ጋር ትንሽ አይገጥምም። ፀሐይ ሲያርፍበት ጣሪያውም ኮፈኑም ላይ ክብ ክብ ጭረት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማታ ማደያ መብራት ስር ስቆምማ ባላየሁት እላለሁ።

ሴራሚክ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ የሚቀባውን ስስ መከላከያ፣ ላስቀባ ብዬ ሁለት ቦታ ዋጋ ጠየቅኩ። አንዱ 18 ሺህ ብር አለኝ፣ ሌላው 45 ሺህ። ሁለቱም "9ኤች ነው" ይላሉ። ሁለቱም "5 ዓመት ዋስትና" ይላሉ። የሁለቱም ገጽ ላይ ያለው አስተያየት "እጃችሁ ይባረክ" እና የእሳት ምልክት ብቻ ነው። አንደኛው ቪዲዮ ላይ ልጁ ኮፈን ላይ የላይተር ጋዝ አፍስሶ ያቃጥላል፣ ከዚያ በጨርቅ ጠርጎ "አያችሁ?" ይላል። አየሁ። ምን እንዳየሁ ግን አላውቅም።

አንድ የመኪና ግሩፕ ገብቼ "ክረምቱን ያሳለፋችሁበት፣ ከመስከረም በኋላ እንዴት ሆነላችሁ?" ብዬ ብጠይቅ የመጀመሪያው መልስ "ለያሪስ ሴራሚክ? መጀመሪያ መኪና ግዢ" የሚል ነበር። ሌላው "ይቺ የተፎካካሪ ሰላይ ናት" አለ። "ባሏ ይጠይቅላት" ያለም አልጠፋ። ማታ ተመልሼ ሳይ ጥያቄዬ ራሱ ተሰርዟል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ ከዚህ ሁሉ ምስጋና ውስጥ እውነተኛውን በምን ትለያላችሁ? ሰው እንዲህ እየተዘለፈስ ማን መጥቶ እውነቱን ይናገራል?

ላቫጆ_ገርጂ፦

እህቴ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንጀራዬ ከዚሁ ሥራ ነው። ከላቫጆ ተነስቼ አሁን ፖሊሽ (ጭረትን በማሽን አሽቶ ማንሳት) እና ኮቲንግ (እንደ ሴራሚክ ያለ ሽፋን መቀባት) እሠራለሁ። እኔንም በጥርጣሬ አንብቢኝ።

ከ9ኤቹ ልጀምር፣ የሰው ገንዘብ በብዛት የሚያልቀው እዚያ ላይ ስለሆነ። 9ኤች የሚባለው የጥንካሬ ፈተና የሚሠራው በእርሳስ ነው። ትምህርት ቤት ኤችቢ የምንለውን ታውቂዋለሽ፤ እርሳሶች ከለስላሳው 6ቢ እስከ ጠንካራው 9ኤች በደረጃ ይቀመጣሉ። እርሳሱን በ45 ዲግሪ አጋድሞ ቀለሙ ላይ መግፋት ነው። ከሁሉ የጠነከረው ካልቧጨረው 9ኤች ተባለ፣ በቃ። ሻጩ ግን ከማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ጋር ያምታታዋል፦ አልማዝ 10 ነው፣ ይሄ 9 ነው፣ ስለዚህ ከአልማዝ ቀጥሎ ነው ይልሻል። በዚያኛው መለኪያ አቧራችን ውስጥ ያለው አሸዋ፣ ኳርትዙ፣ 7 ነው። የእርሳስ ውስጥ ደግሞ ግራፋይትና ሸክላ ነው፣ ከአሸዋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጎማ በታጠበበት ስፖንጅ ኮፈንሽን ካሹት 9ኤች የተባለውም ይጫራል።

እሳቱን በተመለከተ፣ ጋዙ የሚነደው ላዩ ላይ ነው፣ ለጥቂት ሴኮንድ፤ ሙቀቱን ደግሞ ስር ያለው ብረት ይስበዋል። ልጁ ጎን ለጎን ያልተቀባ ኮፈን አስቀምጦ እኩል ጋዝ፣ እኩል ጊዜ ካላቃጠለ ስለ ኮቲንጉ ያሳየሽ ነገር የለም። (እቤት እንዳትሞክሪው፣ አደራ።)

18 ሺህና 45 ሺህ ለምን ተራራቁ? ኮቲንግ ሲደርቅ ውፍረቱ 1፣ ቢበዛ 2 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ነው። የፋብሪካ ክሊር፣ ከቀለሙ ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ 40 ወይም 50 ማይክሮን ይሆናል። ያን ያህል የሳሳ ነገር ጭረት አይሸፍንም፤ ያለውን ጭረት እንዳለ አሽጎ ያስቀምጥልሻል። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት ፖሊሽ አለ፣ ጉልበቱም ሰዓቱም የሚያልቀው እዚያ ነው። ሁለቱንም "ከመቀባታችሁ በፊት ምን ትሠራላችሁ? ስንት ሰዓት ይፈጃል?" በያቸው። ርካሹ አጥቦ ብቻ የሚቀባ ከሆነ ዋጋው ገባሽ ማለት ነው። ውዱም እንደዚያው ከሆነ ደግሞ ደህና ሰንብት በይው።

ያጠራጠረሽን ኮፈን በቀለም ውፍረት መለኪያ አስለኪው። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያሳያል፤ ስቱኮ (የተጎዳ ብረት መሙያው) የገባበት ቦታ ቁጥሩ ብዙ መቶ ይደርሳል። ፖሊሽ ክሊሩን ራሱን ነው የሚበላው። ሳይለካ ማሽን ላሳርፍ የሚልሽን አትፍቀጂለት።

ወደ ምስክርነቱ ስመጣ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው መቼ ተጻፈ የሚለውን ነው። የተቀባ ዕለት የማያምር መኪና የለም። ውሃ ማንከባለሉ አያታልልሽ፣ ተራ ሰምም በመጀመሪያው ሳምንት ያንከባልላል። አንዳንዱ ፖሊሽ ደግሞ ዘይት አለው፣ ጭረቱን ሞልቶ ይደብቃል፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ጭረቱ ብቅ ይላል፣ አስተያየቱ ግን ተጽፎ አልቋል። ስለዚህ ፖሊሹ እንዳለቀ፣ ገና ሳይቀባ፣ በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል አስጠርጊና በስልክሽ መብራት እዪው። ዘይቱ ይነሳል፣ የቀረው ጭረት ይታያል።

ሁለተኛ፣ መኪናው የት ያድራል፣ ማንስ ያጥበዋል? "ሁለት ዓመት ሆነው፣ አሁንም አዲስ ነው" ያለኝ ሰው መኪናው ጋራዥ የሚያድር፣ ቅዳሜ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የእሱ እውነት ላንቺ አይሆንም። ያንቺ ውጭ የሚያድር ከሆነ፣ በግንባታ ሲሚንቶ ብናኝ መሃል የሚውል ከሆነ፣ እንዳንቺው ያለ ሰው ፈልጊ። "በሦስት ወር ወረደብኝ፣ ዱቄት ሳሙና ነው የምጠቀመው" ያለ ሰው ከአርባ "እጃችሁ ይባረክ" የበለጠ ይነግረኛል።

ስለ ስድቡ የጠየቅሽው ከዚህ የተለየ ጉዳይ አይደለም። ሰኔ ላይ ያስቀባ ሰው መስከረም ላይ መጥቶ "ውሃ መጣል አቆመ" ይላል። "ማጠብ አታውቅም"፣ "ርካሹን ገዝተህ"፣ "ማን ከፍሎህ ነው" ይሉታል። ዳግመኛ አይጽፍም። የተደሰተው ይጽፋል፣ የሚነካው የለም። በዓመቱ ግሩፑን ገልጠሽ ስታነቢ ሁሉም ረክቷል ትያለሽ። የዋሸ ሰው የለም እኮ፣ እያንዳንዱ ምስጋና እውነት ነው። የጎደለው የተባረረው ሰው ነው። ለዚህ ነው ግሩፕ ስመርጥ ቅሬታ ያመጣ ሰው ምን እንደተባለ ወደ ኋላ ሄጄ የማነበው። "በምን አጠብከው? ፎቶ አለህ? ስንት ጊዜ ሆነው?" ከተባለ እዚያ የተጻፈው ምስጋናም ይታመናል። "መጀመሪያ መኪና ግዛ" ከተባለ ምስጋናውንም አብረሽ ጣይው።

አሌክሳንድሪያ_ቨርጂኒያ፦

ጋሼ ያሉት እዚህ አሜሪካም ያው ነው። እኔ ኡበር ነው የምሠራው፣ ካምሪ፣ ጥቁር። እዚህ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ የሐሰት አስተያየትን የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራበታል። አስተያየት መግዛት፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ማንነቱን ሳይናገር ማመስገን፣ መጥፎ የጻፈን ሰው አስፈራርቶ ማስነሳት፣ ሁሉም ያስቀጣል። አማዞን ገና በ2016 ነው ከራሱ ፕሮግራም ውጭ "ዕቃውን በነፃ ውሰድና አስተያየት ጻፍ" የሚለውን የከለከለው። ቆመ? የት ይቆማል። አሁን ደግሞ የቅናሽ ኮድ መጣ፤ ቪዲዮው ሥር ኮድ ካለ ሰውየው አንቺ በገዛሽ ቁጥር ያገኛል ማለት ነው። ውሸታም ነው አልልም፣ ግን መጥፎውን ጎን የመናገር ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር፦ ከዚህ በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የኮቲንግ ጠርሙስ ብዙ ነው፣ እኔም ለወንድሜ ልኬያለሁ። ስለ ዕቃው የሚነበበው ምስጋና ግን የተጻፈው እዚህ ባለ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ የውሃ ጎማ አለው፣ ሁለት ባልዲ አለው (አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ)፣ የሚያሳስበው በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ወንድሜ የሚያሳስበው አቧራና የላቫጆ ስፖንጅ ነው። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ፈተና።

ኮቲንግ_አስመጪ፦

በቃ ንግዳችንን ዝጉልን! ደንበኛ ዛሬ ተቀብቶ በሦስተኛው ቀን ላቫጆ ወስዶ በዱቄት ሳሙና ያሳጥባል፣ ከዚያ "ሌባ" ተብዬ ስሜ በየግሩፑ ይጠፋል። ለኛስ ማን ይከራከርልን? ሁሉም ሻጭ አጭበርባሪ ነው እንዴ?

ላቫጆ_ገርጂ፦

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። አብዛኛው ኮቲንግ እስኪጠነክር ሳምንት ገደማ ሳሙና ባይነካው ይመረጣል፤ ይህን ደንበኛው በአፍ ሰምቶት በር ላይ ይረሳዋል። እኔ ደረሰኙ ጀርባ ላይ እጽፍለታለሁ፦ እስከዚህ ቀን አይታጠብ፣ በዚህ ሻምፖ ብቻ፣ ዋስትናው በዚህ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ቢከራከረኝም ወረቀት ላይ እንከራከራለን እንጂ አንሰዳደብም። አንተ ላይ "ሌባ" ያለው ሰው ጥፋተኛ ነው። ግን አንድ ልጠይቅህ፣ ገጽህ ላይ "ወረደብኝ" ብሎ የጻፈ ሰው አስተያየቱ አለ ወይስ ጠፍቷል?

ኮቲንግ_አስመጪ፦

ስድብ የሆነውን አጠፋለሁ። ቅሬታ የሆነው ሁለት አለ፣ መልስም ጽፌበታለሁ፣ ግባና እይ። አንዱን በነፃ ደግሜ ቀብቼለታለሁ።

ላቫጆ_ገርጂ፦

አየሁት። ጥሩ መልስ ነው። ከሁሉም ምስጋናህ በላይ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው፣ ከላይ አውጥተህ ለጥፈው።

ሕግ_ነክ፦

በአጭሩ፣ እኛም ጋ ሕግ የለም እንዳይባል። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004ም ይከለክላል። "5 ዓመት" የሚለው በቃል ከሆነ ግን ማስረጃ ይቸግራል። በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ማኅተም ያለበት።

ጥቁር_ያሪስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ እርስዎን ጋሼ። ዛሬ ለሁለቱም ደወልኩ። ባለ 18 ሺሁ "አጥበን እንቀባለን" አለኝ። ባለ 45 ሺሁ "ሁለት ደረጃ ፖሊሽ፣ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል" አለ፤ መለኪያ አላችሁ ስለው "አለን፣ መኪናውን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናየዋለን" አለኝ። ግን አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦ ውጭ ለሚያድር፣ በየሳምንቱ ላቫጆ ለሚታጠብ ያሪስ፣ ፖሊሹን አሠርቼ ሴራሚኩን ትቼ ጥሩ ሰም ብቀባስ?

ላቫጆ_ገርጂ፦

ለኪሴ ባይጠቅመኝም፣ እኔ እንደሱ አደርግ ነበር። በተለይ አጣጣቡን ሳትቀይሪ ውድ ኮቲንግ መቀባት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። መጀመሪያ የራስሽን ሻምፖና ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ገዝተሽ ላቫጆው በሱ እንዲያጥብልሽ አድርጊ፣ አንዱ ለቀለሙ፣ ሌላው ለቸርኬው፣ እንዳይቀላቀሉ። ልጆቹ ይስቁ ይሆናል፣ ጉርሻ ጨምሪላቸው።

የማንንም ቃል ሳታምኚ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ኮፈኑን መሃል ለመሃል በቀለም ቴፕ ክፈይው። ግራውን ሰም ቀቢ፣ ቀኙን ተዪው። ሁለቱም ጎን በእኩል ይታጠብ። ፎቶ ስታነሺ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ፀሐዩ ከዚያው ጎን ሲሆን አንሺ፤ አለበለዚያ የምታወዳድሪው ብርሃኑን ነው። ውሃ ስታፈሺበት ግራው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያራግፍ፣ ቀኙ ላይ ምን ያህል እንደሚተኛ ይታይሻል። ግራው እንደ ቀኙ የሆነ ቀን ሰሙ አልቋል።

ጥቁር_ያሪስ፦

ገባኝ። ቴፑ ግን ቀለሙን አይልጠውም? ኮፈኑ ከፋብሪካ በኋላ ድጋሚ ቀለም የተቀባ ከሆነ እፈራለሁ።

ላቫጆ_ገርጂ፦

ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀቱን ቴፕ ውሰጂ፣ የዕቃ ማሸጊያውን አይደለም። ጥላ ውስጥ ለጥፊው፣ ሰሙን ቀብተሽ እንደጠረግሽ ወዲያው ንቀዪው፣ ወደ ራሱ መልሰሽ አጥፈሽ ቀስ እያልሽ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ሙጫው ይቀራል። ከመለጠፍሽ በፊት ግን ኮፈኑን አስለኪውና ቁጥሩን እዚህ ጻፊልኝ፤ ስቱኮ ካለበት ፈተናውን ጣሪያው ላይ እናደርገዋለን።