የስልክ ኩባንያ (ካሪየር) ልቀይር ወይስ ልቆይ? አራት ላይን፣ የ14 ወር የስልክ ዕዳ

የአሌክሳንድሪያ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ከሦስቱ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በአንዱ አራት ላይን አለን፤ ቢሉ በወር 248 ዶላር ይመጣል። አራቱ ላይን 180፣ የሁለት አይፎን ክፍያ ከቅናሹ በኋላ 11.12፣ የሁለቱ ኢንሹራንስ 34፣ ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ 22.88። ስልኮቹ እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ሆነው በ36 ወር የሚከፈሉ ናቸው፤ 14 ወር ይቀራቸዋል። ርካሾቹ ኩባንያዎች በላይን 25 ዶላር ከነታክሱ ይላሉ። አሁን ልውጣ ወይስ 14ቱን ወር ልጠብቅ?
ሌላው ደግሞ እናቴ በላይፍላይን፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የስልክ ወጪ በሚደግፍበት ፕሮግራም፣ የምትጠቀምበት ነፃ ስልክ አላት። ከገና በፊት ወደ አዲስ አበባ ሄዳ እስከ ፋሲካ ትቆያለች፤ ቁጥሯ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ? ወንድሜም በእሷ እጅ አይፎን ላኪልኝ እያለ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብልክለትስ?

የሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ቁጥሩን ዘርዝረሽ ስለጻፍሽ መልስ መስጠት ይቀላል። 1,000 ለ36 ሲካፈል 27.78 ነው። አንቺ ለአንዱ ስልክ 5.56 ብቻ የምትከፍዪው 22.22ቱን ኩባንያው በየወሩ ከቢሉ ላይ ስለሚቀንስልሽ ነው። ቅናሹ በየወሩ የሚመጣ በመሆኑ የወጣሽ ዕለት ይቆማል፤ የስልኩ ቀሪ ዋጋ ግን ሙሉውን ይጠየቃል። 27.78 በ14 ሲባዛ ለአንድ ስልክ 388.92 ዶላር። ብትቆዪ ኖሮ በ14 ወር የምትከፍዪው 77.84 ነበር። ስለዚህ መውጣት የሚያስከፍልሽ ልዩነቱን ነው፤ ለአንዱ 311.08፣ ለሁለቱ 622.16።
አሁን ትርፉን እዪ። 180 እና 22.88፣ 202.88 ነው። አዲሱ 100። በወር 102.88 ይተርፍሻል፤ 622ቱ በስድስት ወር ገደማ ይመለሳል፣ 14ኛው ወር ላይ 818 ዶላር ገደማ ተርፎሻል። በእኔ በኩል መውጣቱ ያዋጣል። ኢንሹራንሱን ሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም፤ እሱ ለብቻው የሚታይ ነው።
ሁለቱን ላይን ብቻ ላውጣ እንዳትዪ። አራት ሲሆኑ በ45 የሚታሰበው ላይን ሁለት ሲሆኑ ይጨምራል። 65 ቢገባ እዚያ 130፣ ለወጡት ሁለቱ 50፣ ድምሩ ያው 180። ደክመሽ ምንም አላተረፍሽም።

የአትላንታ፦
ሂሳቡ ልክ ነው፤ ሰው የሚሰናከለው አወጣጡ ላይ ነው። አሮጌውን ላይን ደውለሽ እንዳታዘጊ። ቁጥሩ አዲሱ ኩባንያ ሲገባ አሮጌው በራሱ ይዘጋል፤ ቀድሞ ከተዘጋ ግን ቁጥሩን ልታጪው ትችያለሽ። ዕዳ አለብሽ ብሎ ቁጥር መያዝ በኤፍሲሲ (የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ደንብ አይፈቀድም። ዕዳው ይከተልሻል፣ ቁጥሩ ግን ያልፋል።
አዲሱ የሚጠይቅሽ ስልክ ቁጥሩን፣ የአካውንት ቁጥሩን፣ የማዛወሪያ ፒኑንና ቢል የሚመጣበትን ዚፕ ኮድ ነው። የአካውንት ቁጥሩ ቢሉ ላይ አለ፤ ከስልክ ቁጥሩ ጋር አታምታቺው። የማዛወሪያው ፒንም ደንበኛ አገልግሎት ስትደውዪ የምትጠየቂው ፒን አይደለም፣ ለዚሁ ብቻ የሚወጣ ነው። ቬራይዘን ላይ #7678፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ *7678 ተደውሎ ይወጣል፤ ቲ-ሞባይል አፑ ላይ ይገኛል። የሚያገለግለው ለጥቂት ቀን ስለሆነ በዕለቱ ወይም በዋዜማው አውጪው። ቤት ቀይሮ ቢል በኢሜይል ስለሚመጣለት አድራሻውን ሳያስተካክል የቆየ ሰው ካለ፣ ኩባንያው የሚያውቀው ዚፕ ኮድ የድሮው ነው። በዚህች ብቻ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ይመለሳል።
በጣም የሚያስቸግረው ግን የቁጥር መቆለፊያው ነው። ሌባ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሲም እንዳያዛውር አፑ ላይ የሚበራ ነው፤ እሱ እስካልተከፈተ ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆንም አይሄድም። ማዛወሩን ልትጀምሪ ስትይ ክፈቺው፤ አዲሱ ጋ እንደገባሽ የአዲሱን ወዲያው ቆልፊ። ቁጥርሽን የወሰደ ሰው የባንክሽንም ኮድ ይቀበላል።
በሥራ ቀን ጠዋት፣ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆነሽ ጀምሪ። ኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ የሌለው ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም፣ ያለ ኢንተርኔት አይወርድም፤ ቅዳሜ ማታ ከተሰናከለ ደግሞ የሚያስተካክልልሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ ብዙ የማይደወልበትን ላይን አሳልፊ። ደውዪበት፣ አስደውዪበት፣ ቴክስት ላኪ፣ ተቀበዪ፤ ከሠራ ቀጥዪ። ባንክ የተመዘገበበት መጨረሻ ይሁን። መሃል ላይ አንቺ በአዲሱ እየደወልሽ ሰው ሲደውልልሽ በአሮጌው የሚጠራበት ጊዜ ያጋጥማል፤ እስኪያልቅ አሮጌውን ሲም አታጥፊ። አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ የወሩን ቀሪ ገንዘብ ስለማይመልሱ የቢል ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ማድረግ ጥሩ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቆዩ ቢሎችሽን አውርጂ፤ ላይኖቹ ከወጡ በኋላ አፑ ላያስገባሽ ይችላል።

የሲያትል፦
ሂሳቡን ብቻ አሳይታችሁ አታስወጧት። ቪዚብል የቬራይዘን ነው፣ ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ፣ ሜትሮና ሚንት የቲ-ሞባይል። አንቴናው አንድ ነው፣ ወረፋው ግን አንድ አይደለም። አንቴናው ሲጨናነቅ ውድ ፕላን የያዘው ይቀድማል፤ የርካሹ ፕላን ዳታ ይጠብቃል። ስልኩ አምስት ባር ያሳያል፣ ካርታው ግን አይንቀሳቀስም። የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ፌዴሬሽናችን ውድድር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ስታዲየም ሲሞላ፣ ፎቶ መላክ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ለስታዲየም ቀን ግድ የለም። ኤርፖርት መጠበቂያ ተሰልፎ ጥሪ ለሚጠብቅ ሹፌር ግን አምስት ሴኮንድ ዘግይቶ የመጣ ጥሪ የሌላ ሰው እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ለሹፌር ልክ ነህ። ግን ጠያቂዋ ሹፌር ነኝ አላለችም። በየቀኑ ቤትና መሥሪያ ቤት ዋይፋይ ላይ የሚውል ስልክ ወረፋው አይነካውም። ለሁሉም ሰው ውዱን ይዛችሁ ቆዩ ማለት ትክክል አይደለም፤ በዓመት ከ1,200 ዶላር በላይ እኮ ነው።

የሲያትል፦
ቆዩ አላልኩም፣ ሳትሞክሩ አትውጡ ነው ያልኩት። በኢ-ሲም በነፃ የሚያስሞክሩ ኩባንያዎች አሉ፣ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር። አሮጌው ቁጥር ሳይነካ ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቤታችሁ ምድር ቤት ውስጥ፣ የሥራ መንገዳችሁ ላይ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሞክሩት። ሌሊት በስድስት ሰዓት የተለካ ፍጥነት ምንም አይነግራችሁም።

የሂውስተን፦
ልጄ፣ ፕላን ስትመርጪ አገር ቤት መደወሉን አትርሺ። ነፃ ዓለም አቀፍ ጥሪ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሜክሲኮና ካናዳ ነው። ኢትዮጵያ በስሟ ዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈች 251 ብለሽ ቀጥታ የደወልሽው በደቂቃ ይታሰባል፣ እሱም ውድ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ ኢሞ በየትኛውም ካሪየር ያው ናቸው፤ ቁጥርሽ እስካልተቀየረ አይነኩም።
ግን ሁሉም ቤተሰብ ኢንተርኔት የለውም። ገጠር ያለች እናት ቁልፍ ስልኳን ነው የምታነሳው፤ እሱም መብራት ሲኖር ወይም ጎረቤት ቻርጅ ሲያደርግላት ነው። ለእሷ ሬብቴል ወይም ቦስ ሬቮሉሽን በሚባሉት የውጭ አገር መደወያ አፖች ላይ ደቂቃ መግዛት ይሻላል። ስማርት ስልክ ላላቸው ታናናሾች ደግሞ ከዚህ ሆነሽ ጥቅል ሙዪላቸውና በቴሌግራም ይደውሉ። ከሚተርፍሽ 100 ዶላር ጥቂቷን ለዚህ መድቢ። የእናት ድምፅ ስትሰሚ የምታገኚውን ዕረፍት ሌላ ነገር አይሰጥሽም፤ ሁለት ደቂቃም ቢሆን በድምፅ እንጂ በጽሑፍ ብቻ አትለፏቸው።

የአሌክሳንድሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእናቴ ጉዳይ ግን እንዳይረሳ።

የዴንቨር፦
ላይፍላይን ላይ ነፃ የሆነ አገልግሎት 30 ቀን ሙሉ ካልተጠቀሙበት ኩባንያው የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ልኮ ይዘጋዋል። መደወል፣ ቴክስት መላክ፣ ዳታ መጠቀም፣ ከኩባንያው ሌላ ሰው የደወለውን ማንሳት ይቆጠራል፤ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ቻርጅ ላይ መሆኑ አይቆጠርም። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው እሷ አዲስ አበባ ሳለች ነው። በዚያ ላይ በዓመት አንዴ አሁንም ይገባኛል ብሎ ማደስ አለ፤ ደብዳቤው ከደረሰ 60 ቀን ነው ያለው። እሷ ከሄደች በኋላ ከመጣ ቀኑ ያልፋል።
ስለዚህ ሳትሄድ ቁጥሯን ወደ ርካሽ ቅድመ ክፍያ አዛውሪው፤ በወር ከ5 እስከ 10 ዶላር የሚከፈልባቸው አሉ። አደራረጉ ከላይ የተጻፈው ነው። ራስ ሰር ክፍያ አስገቢበት፤ የቅድመ ክፍያ ቁጥር ሳይከፈል ከቆየ ይጠፋል። ስትመለስ ለላይፍላይን እንደገና ታመልክታለች፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ እንደሆነ ግን አትርሺ።
ስልኳ ከላይፍላይኑ ኩባንያ የተሰጠ ከሆነ በዚያ ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያ ያመጣችው ስልክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሦስቱም ኩባንያዎች 3ጂን እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተዋል፤ ድምፅም በ4ጂ ነው የሚሄደው። ለዚህ ገበያ ያልተሠራ ስልክ ዳታው እየሠራ ጥሪ እምቢ ሊል ይችላል። *#06# ደውዪ፣ የሚመጣውን የስልኩን መለያ 15 አሃዝ አዲሱ ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ አስገቢና ይቀበለው እንደሆነ እዪ፤ ካርዱን ከመግዛትሽ በፊት።

የሚኒያፖሊስ፦
የሁለቱን አይፎኖች መቆለፍ ማንም አላነሳውም፣ እኔ ደግሞ ዋናው እሱ ይመስለኛል። የአትላንታው ወንድሜ የጻፈውም የሲያትሉ ነፃ ሙከራም የሚሠራው ስልኩ ከተከፈተ ነው። ክፍያው ያላለቀ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በኩባንያው ተቆልፎ ነው የሚቆየው፤ አዲሱን ኢ-ሲም አይቀበልም። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ግቢና ወደ ታች ወርደሽ ካሪየር ሎክ የሚለውን እዪ። ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ ካላለ ዝግ ነው። እንግዲያው መጀመሪያ ቀሪውን መክፈል፣ ቀጥሎ እንዲከፈት መጠየቅ፣ መከፈቱን እዚያው ገጽ ላይ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር ማዛወር። ክፍያው ሳይመዘገብ ስለማይከፍቱት ጥቂት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ 777.84ቱ በመጨረሻ ቢል የሚጠበቅ ሳይሆን ቀድሞ ከኪስ የሚወጣ ነው።
ለወንድምሽም ያው ነው። ዝጉን ስልክ ልኮ መርካቶ ዲኮድ ይደረግ ማለት አሁን አይሠራም። ድሮ ከሲሙ ሥር በምትገባ ስስ ቺፕ፣ በአር ሲም ይታለፍ ነበር። አሜሪካ የተሸጠ አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የመጣው የሲም ማስገቢያ የለውም፤ ቺፗ የምትገባበት ቀዳዳ የለም። የተከፈተውም ቢሆን በኢ-ሲም ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ኢ-ሲም ይሰጣል፤ ወንድምሽ መታወቂያ ይዞ ማዕከል መሄድ አለበት። ክፍያው ያላለቀ ስልክ ልከሽ ክፍያው ቢቋረጥ ደግሞ ስልኩ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ስሙ ያንቺ፣ ዕዳውም ያንቺ።

የአሌክሳንድሪያ፦
ሎኩን አሁን አየሁት፣ ሁለቱም ዝግ ናቸው። 777 ዶላር በአንድ ጊዜ ማውጣት ደግሞ በዚህ ወር ይከብደኛል፤ የእናቴ ትኬትም አለ።

የሲልቨር ስፕሪንግ፦
መቆለፉን ሳላነሳ ማለፌ ስህተት ነው፣ የሚኒያፖሊሱ ትክክል ነው። አንዱን ስልክ በዚህ ወር፣ ሌላውን በሚቀጥለው ክፈዪ። ሁለቱ ከተከፈቱ በኋላ አራቱን በአንድ ላይ ታወጫለሽ። ለወንድምሽ ግን ከእነዚህ አትላኪለት። ሲም የሚያስገባ፣ ከመጀመሪያው ያልተቆለፈ ስልክ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የሲያትል፦
አንድ ወንድም አንድ ስልክ ለመነ፤ የተከፈተ እስከሆነ ድረስ ለምን አትልክለትም? ኢ-ሲሙን ማዕከል ሄዶ ይወስዳል፣ ያ ከባድ አይደለም። አይፎኑን የፈለገው ለሥራ ይሁን ለሌላ አናውቅም።

የሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለራሷ ሌላ ስልክ ስትገዛ እንደገና የ36 ወር ክፍያ ውስጥ ትገባለች። መውጣት የፈለገችው ከዚያው አይደለም እንዴ? አገር ቤት ያለው ሰው የዚህን አገር ቢል አያየውም፣ ልንነግረው ይገባል።

የሲያትል፦
መንገሩ አይከፋም። ግን እሷ ራሷ ትወስን፣ እኛ አንከልክላት።

የዴንቨር፦
ስለ እናትሽ አንድ የቀረ አለ። ዋይፋይ ኮሊንግን፣ ማለትም በዋይፋይ መደወያውን፣ ከደለስ ኤርፖርት ሳትነሳ እዚሁ ቤት አብሪላት። ሲበራ የአደጋ ጊዜ አድራሻ ይጠይቃል፣ ያንቺን ቤት አስገቢ። አዲሱ ኩባንያ ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ መጠቀም ይፈቅድ እንደሆነም ቀድመሽ ጠይቂ፤ የማይፈቅዱ አሉ። ከፈቀደ ሮሚንጉንና ዳታውን አጥፊላትና አዲስ አበባ ቤት ዋይፋይ ላይ ስትሆን በአሜሪካ ቁጥሯ ትደውልልሻለች፣ የባንኳም ኮድ ሊደርሳት ይችላል። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገሽ ዋይፋዩን ብቻ በማብራት ቤት ውስጥ ሞክሪው፤ ከተደወለና ኩባንያው ከፈቀደ እዚያም ሊሠራ ይችላል።