ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ገንዘብ፣ መድን፦ የወራሽነት ማስረጃ ለሁሉም ይበቃል?

ጥያቄ
ሟች ኑዛዜ አልተዉም። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉ። የቀረው በጋብቻ ዘመን የተሠራ ቤት (ካርታው በሟች ስም ብቻ)፣ መኪና፣ የባንክ ገንዘብ፣ አክሲዮን፣ የሕይወት መድንና ገጠር ያለ የእርሻ ይዞታ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ወጥቷል። በዚህ ብቻ ስም ማዛወር ይቻላል?

መልስ 1
አይበቃም። ማስረጃው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 996) ወራሹ ማን እንደሆነና ድርሻውን ይናገራል እንጂ ንብረቱ የሟች ብቻ ስለመሆኑ አያረጋግጥም።

መጀመሪያ የሚስትን ግማሽ ለዩ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት የአንዱ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ካርታው በአንድ ስም መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ውርስ የሚባለው የቤቱ ግማሽ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ከጠቅላላው ቤት 1/6 ያገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ግማሹን የምትወስደው በራሷ ባለሀብትነት ነው። ማስረጃው በተጠየቀበት አቤቱታ ላይ ከልጆቹ ጋር እንደ ወራሽ ከተጻፈች ድርሻው ሁሉ ይፋለሳል። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገኘ ወይም ለሟች በውርስ የመጣ ቢሆን ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

መልስ 2
መድኑን ከዝርዝሩ ከማስገባታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ ለእሱ ይከፈላል። ተጠቃሚ ካልተጠቀሰ፣ ወይም “ለወራሾቼ” ብቻ ከተባለ ይገባል (ቁ. 827)። በሞቱ ምክንያት ለትዳር ጓደኛ ወይም ለዘመድ የሚከፈል ጡረታና ካሳም ከውርስ ውጭ ነው (ቁ. 828)።

የእርሻው ነገር ለብቻው ይታይ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የይዞታ መብቱ ነው፤ ማን እንደሚወስደው የሚወስነው የገጠር መሬት ሕጉና የክልሉ ደንብ ነው። ከተማ የወጣው ማስረጃ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ እኩል ይካፈላሉ ብላችሁ አትነሡ። መጀመሪያ የወረዳውን መሬት አስተዳደር ጠይቁ።

ጠያቂው
ለቀብርና ለተዝካር ከባንክ ማውጣትስ? ሟች ለልጃቸው ውክልና ሰጥተው ነበር።

መልስ 3
ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ የወጣ ገንዘብ ለሌሎቹ ወራሾች ተመላሽ ሊያስጠይቅ ይችላል። ባንኩ የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ለማን ስንት እንደሚከፈል የሚገልጽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ።

ከውርሱ በቅድሚያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ ውርሱን የማጣራቱ ወጪ፣ የሟች ዕዳ፣ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻም በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ (ቁ. 1014)። ተዝካር በሕጉ የቀብር ወጪ አይደለም። ስለዚህ ወራሾቹ ተስማምተው ካልከፈሉት ከውርሱ ተቀናሽ ነው ብሎ ማስመዝገብ ያጣላል።

ዕቁብንም አትርሱ፦ ሟች ዕጣ ደርሷቸው ከነበረ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ካልደረሳቸው ያዋጡት የውርሱ ገንዘብ ነው።

ለመኪናው ሊብሬው ላይ የባንክ ዕገዳ መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ዕዳው ሳይዘጋ ስሙ አይዛወርም። አክሲዮኑ ለሦስት እኩል ካልተከፈለ የተረፈውን በጋራ ትይዙና አንድ ወኪል ትሰይማላችሁ፤ ዝውውሩ በኩባንያው መዝገብ እስኪሰፍር ድረስ የትርፍ ድርሻ መቀበል ያስቸግራል።

ከድርሻው የተገለለ ወራሽ ካለ፣ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት (ቁ. 1000)።