ለነፍሰ ጡር ጭንቀት «አይዞሽ» ይበቃል ወይስ ሕክምና ይኑር?

ዋርካ፦ የወንድሜ ሚስት ስድስተኛ ወሯ ነው። እንቅልፍ የላትም። ሌሊት እየተነሳች በሩ መቆለፉን ሦስቴ አራቴ ታያለች። ለክትትል ስትሄድ ግፊቷን ለኩ፣ አይረን ሰጧት። «በጣም እጨነቃለሁ» ስትላቸው «አይዞሽ፣ አትጨነቂ፣ ለልጁ ጥሩ አይደለም» አሏት። አሁን መጨነቋ ራሱ እያስጨነቃት ነው። ጥያቄዬ ይኸውና፦ መድኃኒት የሌለበት፣ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና በየጤና ጣቢያው የእርግዝና ክትትል ውስጥ ይግባ ወይስ ለኛ ቅንጦት ነው? ተከራከሩ፤ መሰዳደብ የለም።

አራት ኪሎ፦ ቅንጦት ነው። የቤት ኪራይ የጨመረባትን ሴት አነጋግረህ ኪራዩን ትቀንስላታለህ? ጭንቀቷ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ሳይሆን አከራይዋ ጋ ነው። እናቴ ስምንት ወልዳለች። ቴራፒስቶቿ ጎረቤትና ጀበና ነበሩ።

ቃሪያ፦ ስምንት ስትወልድ ስንቴ እንዳለቀሰች ጠይቀሃት ታውቃለህ?

አዋላጇ፦ እኔ ሚድዋይፍ ነኝ፣ ክልል ከተማ። ጠዋት ስገባ አግዳሚው ሞልቶ ይጠብቀኛል። ክብደት፣ ግፊት፣ ሽንት፣ የፅንሱ ልብ ምት፣ ካርድ መሙላት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ክትትሉን ከአራት ወደ ስምንት አሳድጎታል። ደግ አደረገ፤ እጅ ግን አልጨመሩልንም። ክፍላችን አንድ ነው። መጋረጃ አለው፣ ድምፅ አያግድም። ከመጋረጃው ወዲያ አማቷ ተቀምጣለች። «በይ ስለ አማትሽ አጫውቺኝ» ልበላት?

ቃሪያ፦ ሳቄ መጣ፣ ግን ያሳዝናል።

መዝገብ፦ እስቲ የሚታወቀውን ላምጣ። ቡታጅራ አካባቢ ከሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን እስከ ወሊድ የተከታተለ ጥናት ተሠርቷል። የጭንቀትና የድብርት ምልክቱ በበረታባቸው ሴቶች ላይ ምጥ የመርዘም፣ ጡት ማጥባት ደግሞ ቶሎ ያለመጀመር ነገር ታይቷል። የልጁ ክብደት ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «ከተጨነቅሽ ልጅሽ ይቀጭጫል» እያላችሁ የምታስፈራሩ፣ በማርያም ተዉ።

አራት ኪሎ፦ ጉዳት አለው እንበል። ማነው የሚያክመው? የአገሩ ሳይኮሎጂስት ሁሉ አዲስ አበባ ነው ያለው።

መዝገብ፦ ሳይኮሎጂስት መሆን የለበትም። ፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ አጠገብ ባለ ገጠር የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ሕክምናውን የሰጡት እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ናቸው። ሥልጠናቸው የቀናት ነበር። ከመጨረሻው የእርግዝና ወር ጀምረው 16 ጊዜ ቤቷ ሄዱ። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ድብርት ያልለቀቃቸው እናቶች 23 በመቶ ነበሩ። ሕክምናውን ያላገኙት ጋ 53 በመቶ።

አሁን የጀበናውን ነገር ስማኝ። ሕክምናውን ያላገኙትም ቤታቸው ሰው ሄዷል፣ ያውም እኩል ጊዜ። ልዩነቱ የንግግሩ ዓይነት ነው። የሠለጠነችዋ «አይዞሽ» ብላ አታልፍም። ሴትየዋ «ምንም ባደርግ ይሄ ልጅ አያድግልኝም» ካለች ሐሳቡን ይዘው አብረው ያዩታል። ከየት መጣ? እውነት ነው? በምን ይተካ? ከዚያ እስከሚቀጥለው ጉብኝት የምትሞክረው ትንሽ ነገር ይስማማሉ። ቡና ላይ እንዲህ አይወራም። ቡና ላይ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ «የኔን ባየሽ» ትላለች።

አራት ኪሎ፦ እኔም አንብቤዋለሁ፤ ሁሉንም ንገራቸው እንጂ። አንደኛ፣ እነዚያ ሴቶች ድብርት እንዳለባቸው ተመርምረው የተለዩ ናቸው፤ የኑሮ ጭንቀት ብቻ ያለባትን አይወክሉም። ሁለተኛ፣ የልጆቹ ክብደትና ቁመት ላይ ለውጥ አልመጣም።

መዝገብ፦ ሁለቱም ልክ ነው። ተቅማጥ ግን ቀንሷል፣ ክትባትም ጨምሯል። ደግሞስ እናትየዋ ራሷ ሰው አይደለችም? እሷ መዳኗ ብቻውን አይቆጠርም?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነው ያረገዝኩት። ኤድንበርግ የሚባል፣ ድብርት ያለባትን ለመለየት የሚሞላ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት በአስተርጓሚ ሞላሁ። አስተርጓሚዋ በስልክ «ነገሮች ላይሽ ላይ ወጥተውብሻል?» አለችኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ፤ ጣሪያውን አየሁ። በኋላ ነው «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» ለማለት እንደሆነ የገባኝ። ነጥቤ ከፍ ብሎ ቴራፒስት ጋ ላኩኝ። ስድስት ጊዜ ሄድኩ፣ ጠቅሞኛል። አብዛኛውን ጊዜ ያወራነው ግን ስለ እናቴ አለመኖር ነው። ገንፎ የሚያገነፋልኝ ሰው አልነበረም። ለዚያ ቴራፒስቷም መፍትሔ አልነበራትም።

የጓሳ እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ስልኩንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። የመጀመሪያዬ በሆዴ ሞተ። «ፈጣሪ ያውቃል፣ አታልቅሺ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ተባልኩ። ሁለተኛውን ስይዝ ዘጠኝ ወር ሙሉ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ነው የተኛሁት፤ ይንቀሳቀስ ይሆን እያልኩ። ለነፍስ አባቴ ኃጢአቴን እነግራለሁ። ፍርሃት ኃጢአት ነው እንዴ? ፍርሃቴን የምነግረው አጣሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አራት ኪሎ፦ እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። እኔ የእርስዎን ዓይነቱን አልቃወምም። የምቃወመው ወረቀት አስሞልቶ መሸኘትን ነው። ቃሪያ፣ እናቴን አልጠየቅኳትም። ዛሬ ማታ እደውላለሁ።

አዋላጇ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ብጠይቃትና «ይመታኛል» ብትለኝስ? ባሏ በር ላይ ቆሟል። ካርዷ ላይ ብጽፈው ያነበዋል። ጠይቄ ምንም ካላደረግኩ ባልጠይቃት ይሻል ነበር።

መዝገብ፦ ጥሩ ነጥብ። ሶዶና ቡታጅራ ላይ ችግርን በመፍታት ላይ የተመሠረተ አጭር ሕክምና ለነፍሰ ጡሮች ተሞክሯል፤ በባላቸው ለሚጠቁትም ለብቻው ተስተካክሎ። ችግሮቿን ትዘረዝራለች፣ በእጇ ያለውንና የሌለውን ትለያለች፣ አንዱን መርጣ ትንሽ እርምጃ ትወስናለች። አራት ኪሎ ያነሳው የቤት ኪራይም እዚህ ይገባል። ኪራዩ አይቀንስም፤ ግን ማንን ታናግር፣ መቼ፣ ምን ትበል፣ ያ ይወሰናል። ብቻ ሰው የማይሰማበት ክፍል ያስፈልጋል።

ዋርካ፦ አዋላጇ፣ ወር በወር የምታዘጋጁት የነፍሰ ጡሮች ስብሰባስ? ቡናና ገንፎ ያለበት። ባሎች አይመጡም አይደል?

አዋላጇ፦ አይመጡም። አማቶች ግን ይመጣሉ።

አራት ኪሎ፦ ከሰዓትስ? ወረፋ ሲቀንስ?

አዋላጇ፦ ሐሙስ ከሰዓት የክትባት ክፍሉ ባዶ ነው። በር አለው፣ ይዘጋል። ከ30 ነፍሰ ጡር ሁለት ሦስቷን እንኳ ባስገባ ለአንዷ ግማሽ ሰዓት ይደርሳታል። ቁልፉ ግን ንብረት ክፍሉ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ አያጣም።